ለግድግዳ የሚሆን ዳቦ

ቫልሮቮ በምትባለው መንደር ውስጥ ከግድግዳው ጋር ያልተዛመደ ሰው የለም። የቪላ ዞርዛንን አዳራሽ የሰሜን ግድግዳ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሣለው ሰው ስሙን እንኳ ሳይጽፍ የሄደ ተንከራታች ነበር፤ ሠላሳ አንድ ገበሬዎችን በወይን ለቀማ ድግስ ላይ አስፍሮ ሄደ፤ መንደሩም ሠላሳ አንዱንም ተከፋፈላቸው። በርሜል የሚያንከባልለው ባለ ትልቅ አፍንጫ የዳቦ ጋጋሪው የጀሊንዶ ቅድመ አያት ነው። አጥር ሥር አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋው የከንቲባው ወገን መሆኑን ከከንቲባው በቀር ሁሉም ያምናል። በግራ በኩል ጥግ ላይ፣ ዝይ አቅፋ ዞር ብላ የምታየው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን የዴልፊና ናት።

ዴልፊና ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። የቪላው ጠባቂ ናት፤ እናቷም ጠባቂ ነበረች፤ የተወለደችው እዚያው በሩ አጠገብ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም። «ዘመድ የለሽም ወይ?» ሲሏት ወደ አዳራሹ በአገጯ ትጠቁማለች። ልጅቷ የእሷው ግንባር፣ የእሷው ሰፊ ቅንድብ አላት፤ እንዲያውም እንደ እሷ ትንሽ የተቆጣች ትመስላለች።

በዚያ ኮረብታ ላይ ድሮ ሰባት ቪላና አንድ ግንብ ነበሩ። አሁንም አሉ፤ ሥራ ቀየሩ እንጂ። አንደኛው የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል፤ በሽተኞቹ አፋቸውን ከፍተው ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ያያሉ። ሁለተኛው የአሳማ እርባታ ነው። ሦስተኛው ጣሪያው ተደርምሶ የበለስ ዛፍ አብቅሏል፤ ከሁሉም ጤነኛው እሱ ነው። ግንቡ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የባንክ ሠራተኞች የብረት ልብስ ለብሰው በእንጨት ሰይፍ ይደባደቡና ሰኞ ወደ ብድር ክፍላቸው ይመለሳሉ።

ቪላ ዞርዛን ብቻ ቪላ ሆኖ ቀርቷል፤ ይህም በባለቤቱ፣ በመኳንንቱ ወገን በቆንቱ ስንፍና ነው። ቆንት ኦዶሪኮ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከሃያ ስድስቱ ክፍሎች በሁለቱ ውስጥ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ይኖራሉ። ሚላኖ ያሉት የወንድማቸው ልጆች ቤቱን ለሠርግና ለፍል ውሃ ሆቴል ሊሸጡት ተዋውለዋል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። የቅርስ ባለሥልጣን የላከው ባለሙያ መጥቶ ግድግዳው ደህና ነው፣ ይጠበቅ ብሎ ከጻፈ፣ አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ጠባቂም ያስፈልገዋል፤ ጠባቂዋም ከቤቷ አትነቃነቅም። ካልጻፈ ዴልፊና በመስከረም መጨረሻ ቁልፍ ታስረክባለች። የቀረው ይህ አንድ ግድግዳ ነው። ሌሎቹን ሦስቱን በጦርነቱ ጊዜ እዚያ የከረሙ ወታደሮች እሳት አንድደው አጥቁረው ጨርሰዋቸዋል፤ ወታደሮቹ የየትኛው ወገን እንደ ነበሩ በተራኪው ፓርቲ ይወሰናል።

ግድግዳው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ በዳቦ ይጠረጋል። ይህን ዴልፊናን እናቷ አስተማረቻት፤ እናቷን አያቷ። ያደረ ዳቦ ይወሰድና ቅርፊቱ ይላጣል። ለስላሳው ውስጡ በመዳፍ ታሽቶ ድቡልቡል ይሆናል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይፈገፍጉ፣ ልክ የሕፃን ጀርባ እንደሚታሽ ጫን እያሉ ያወርዱታል። ዳቦው ጥቀርሻውን እየላሰ ይጠቁራል፤ ሲጠቁር ይጣላል፤ ሌላ ይያዛል። የወደቀው ፍርፋሪ በዝይ ላባ ይጠረጋል። ዳቦውን የሚጋግረው ጀሊንዶ ነበር፤ ዱቄት፣ ውሃና እርሾ ብቻ። ጨው ግድግዳ ይበላል፤ ቅባት ግድግዳ ይገድላል። ለሰው የማይጥም ስለሆነ «የግድግዳ ዳቦ» ይሉት ነበር።

ጀሊንዶ በጥር ወር ሱቁን ዘጋ።

በመጋቢት ዴልፊና ቡና ቤት ሄደች። ጀሊንዶ ከሦስት ጡረተኞች ጋር ካርታ ይጫወት ነበር።

«አንድ ቀን ብቻ አቀጣጥልልኝ» አለችው።

«ዴልፊና፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። እኔም ቀዝቅዣለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዶሮ የምቀሰቅሰው እኔ ነበርኩ። አሁን ተራው የዶሮው ነው።»

«አራት ዳቦ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ያን የሚያህል ምድጃ ለአራት ዳቦ? ሲጋራ ለመለኮስ ጫካ አቃጥል በይኛ። መንገድ ዳር ካለው ትልቁ መደብር ግዢ። ስልሳ ዓይነት አላቸው አሉ። ዳቦ ዳቦ ነው።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

«ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያሻኝን እላለሁ።»

«ቅድመ አያትህ ግድግዳው ላይ ሆኖ እየሰማህ ነው» አለ አንደኛው ካርታውን እየመታ። «በዚያ አፍንጫ ላይ ጆሮ ቢጨመር ምን ሊሆን ነው!»

ሳቁ። ጀሊንዶም ሳቀ። ዴልፊና ብስክሌቷን ይዛ ወደ መደብሩ ወረደች።

ስልሳ ዓይነት ነበር፤ አልዋሹም። ከመካከሉ አንዱ «የአያት ዳቦ» የሚል ተጽፎበት የወፍጮ ሥዕል ነበረው። ስትጫነው እንደ ጥጥ ሰመጠ፤ ስትለቀው ተመልሶ ተነሣ። ስታሸተው ደስ አላት። ከከረጢቱ ጀርባ ላይ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል የወይራ ዘይትና የአሳማ ሞራ እንዳለው ተጽፏል። መነጽሯ ቤት ነበር፤ ቢኖርም አታነበውም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ በልታለች፣ በዳቦ ግድግዳ ጠርጋለች፤ ዳቦ ማንበብ ግን ማንም አላስተማራትም።

ሥራው እንደዚያ ዓመት ቀልቶላት አያውቅም። ድቡልቡሉ አልተፈረፈረም፤ በእጇ ሥር እንደ ሰም ለዘበ። ቀለሙ ብልጭ አለ፤ የወይኑ ዘለላ ዛሬ የተለቀመ መሰለ። ለልጅቷ ፊት ጊዜ ሰጠች፤ ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት፤ ዓይኖቿ እንባ ያቀረሩ እስኪመስሉ ድረስ። የከንቲባውን ወገን ግን አንድ ጊዜ ገፋ አድርጋው አለፈች፤ ክንዷም ደክሞ ነበር፤ ግብሩን የጨመረባትም ከንቲባው ነው። ከዚያ ቆንቱን ጠራቻቸው።

ቆንቱ ካፖርታቸውን እየጎተቱ መጥተው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። «ልጅሽ ዘንድሮ አምሮባታል» አሉ። «ልትዳሪያት ነው እንዴ?»

«ባለሙያው እስኪመጣ ማንም አያያትም፣ ጌታዬ» አለችና የመስኮቶቹን መዝጊያዎች አንድ በአንድ ዘጋች። ፀሐይ ቀለም ይበላል፤ ይህም ከእናቷ ነው።

ባለሙያው የሚመጣው ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። በሰባተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፤ ተራዝሟል ይላል። በሚያዝያ ሌላ መጣ፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ ቁጥር ስላልነበረው እንዳልተጻፈ ይቆጠር ይላል። የዚያ ዓመት ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ዘነበ። ከመንደሩ ቦይ የሚነሣው ጉም በሜዳው ላይ ተኝቶ ከረመ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማማ ጫፍ ብቻ እንደ ሰመጠ መርከብ ይታይ ነበር። ዴልፊና በየማታው የመዝጊያዎቹን መቀርቀሪያ ነካ ነካ እያደረገች ጥብቅ መሆናቸውን ታረጋግጣለች። አንዴም አልከፈተችም።

ባለሙያዋ በግንቦት አጋማሽ መጣች። ዶክተር ኦርኔላ የምትባል፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ግንባሯ ላይ መብራት ያሠረች ሴት ናት። ቆንቱ ከካፖርታቸው በላይ ክራቫት አሠሩ። ዴልፊና ደረቅ ቋሊማና የቤት ወይን አቀረበች፤ ከዚያ መጋረጃ ሊገልጥ እንደ ተዘጋጀ ሰው አዳራሹ መሃል ቆመች።

ሽታው ቀድሞ መጣ፤ የከረመ ምድር ቤት ሽታ።

«እርጥበቱ ነው» አለች ዴልፊና እየተቻኮለች። «ሲናፈስ ይጠፋል።» አንደኛውን መዝጊያ ከፈተች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ስትከፍት ብርሃኑ ግድግዳው ላይ አረፈ።

ግድግዳው ጠጉር አብቅሏል። አረንጓዴም ግራጫም የሆነ ሻጋታ፣ በመዳፍ ስፋት፣ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ወርዷል። የእጇን መንገድ አንድም ሳይስት ተከትሏል። የት እንደ ተጣደፈች፣ የት እንደ ዘገየች ሁሉ ይነበባል። ጫን ባለችበት ወፍሯል፤ ባሳሳችበት ሳስቷል። የከንቲባው ወገን ከነትንፋሹ ደህና ነው፤ እያንኮራፋ ነው። የልጅቷ ፊት ባለበት ቦታ ግን የድመት ጀርባ የሚያህል ጠጉር ብቻ አለ። ዝዩ ከሥሩ በአንድ ዓይኑ ያያል።

ከዚያ ባለሙያዋ መብራቷን አበራች።

«በምንድን ነው የጠረጋችሁት?»

«በዳቦ» አለች ዴልፊና። ድምፅዋ ውስጥ ኩራቱ ገና አልወጣም ነበር።

«ዳቦ ደህና ነው፣ ሲኞራ። የጥንቱም ሰው እንደዚያው ነበር። ምን ዓይነት ዳቦ?»

ባለሙያዋ በቀጭን ቢላዋ ጫፍ ልስኑን ፋቅ አድርጋ በጣቶቿ አሸችው፤ አሸተተችው።

«ቅባት አለው» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ የጠረግሁት» አሉ ቆንቱ በድንገት።

«እርስዎ?»

«አዎ፣ እኔ። በገዛ እጄ።»

ባለሙያዋ አራት ሜትር የሚረዝመውን መሰላል አየች፤ ቆንቱን አየች። «መሰላሉ ላይ ወጥተው?»

«በወጣትነቴ ፈረሰኛ ነበርኩ፣ የኔ እመቤት።»

«ይተዉት፣ ጌታዬ» አለች ዴልፊና። «የገዛ ጫማዎን ማን እንደሚያስርልዎ አገሩ ሁሉ ያውቃል።» ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «ይነሣል አይደል? ሻጋታ ነው። ሻጋታ ይነሣል።»

«ሻጋታው ይነሣል። ቀለሙ አብሮት እንዳይነሣ ነው የምፈራው። ትንሽ ልሞክር?»

ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት አወጣች፤ ከአንድ ጠርሙስ ነከረችው፤ የልጅቷ ፊት የነበረበትን ጠርዝ በጣም በቀስታ፣ እንደ ቁስል፣ ነካ አደረገችው። ስታነሣው ጥጡ ላይ ጥቁር ቡናማ ነጥብ ነበር። ግድግዳው ላይ ደግሞ ባዶ ልስን።

«ምኗ ነው?» አለች ዴልፊና።

ባለሙያዋ ጥጡን ወደ ግንባሯ መብራት አቀረበችው።

«ዓይኗ ነው። የግራ ዓይኗ ነው እዚያ ጋ ያለው። በቃ አትንኪያት!» አለች፤ እርስዎ ማለቱ ጠፋባት። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ጥጡን ስጪኝ።»

«ለናሙና መሄድ አለበት፣ ሲኞራ። ሕጉ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ጥጡን በመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገብታ ከደነች፤ ቀንና ቁጥር ጻፈችበት።

ሪፖርቱ በሁለት ሳምንት ደረሰ። ለመዘግየት ሁለት ወር ያህል የፈጀ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሲሆን ፈጣን ነበር። ይጠበቅ የሚያሰኝ ነገር አልቀረም ይላል።

ቆንቱን በሰኔ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት ወሰዷቸው። ክራቫታቸውን እንዳሠሩ መኪና ውስጥ ገቡ፤ በመስኮቱ በኩል ለዴልፊና «ልጅሽን ሳሚልኝ» አሏት። ረስተውት ይሁን ሆን ብለው፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም። በነሐሴ ቀለም ቀቢዎች መጡ። ሠርገኞች ነጭ ይወዳሉ፤ ሦስቱን ጥቁር ግድግዳዎችና አራተኛውን እኩል ነጭ አደረጓቸው። የከንቲባው ወገንም አብሮ ሄደ፤ ከንቲባው በዚህ ብዙም አላዘነም ይባላል።

ጀሊንዶ ያን በጋ ሙሉ ዴልፊናን ሲያይ መንገድ ይሻገር ነበር። መንገድ በሌለበትም ይሻገር ነበር፤ አንድ ቀን በበቆሎ እርሻ ውስጥ ሲያቋርጥ አይታዋለች።

በመስከረም የመጨረሻው ሐሙስ፣ ዕቃዋ ቪቼንዛ ወዳለችው የአክስቷ ልጅ ቤት ሊሄድ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ዴልፊና ቁልፎቹን በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ተረካቢውን ትጠብቃለች። በበሩ የገባው ግን ጀሊንዶ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ቆመ። ነጩን ግድግዳ አየና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ለመንገድ» አለና ዘረጋላት።

ጨርቁን ገለጠችው። ዳቦው ገና ሞቅ ይላል።

«ጨው የለውም» አለ ጀሊንዶ። «ቅባትም የለው። ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ። እንደዚያኛው ነው። አይጥምም።»

«ምድጃውን አቀጣጠልከው?»

«ኧረ የምን ምድጃ! እሱማ በሐምሌ ለአሮጌ ብረት ተሸጠ። በሚስቴ ምድጃ ነው። ያቺ ወጥ ቤት ያለችው የኤሌክትሪክ።» ሊስቅ ሞከረ። «ትንሽ ናት፤ ግን ትጋግራለች።»

ዴልፊና ዳቦውን በእጇ መዘነችው። «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

ጀሊንዶ ባርኔጣውን አዙሮ ያዘው። መልሶ አዞረው።

«አርባ ደቂቃ» አለ።

«አርባ ደቂቃ።»

«ዴልፊና...»

ቅርፊቱን በጥፍሯ ላጠች፤ ውስጡን ቆርሳ በመዳፏ አሸችው። እጇ የለመደውን ሥራ ራሱ ያውቃል፤ ድቡልቡል ሆነ። ወደ ግራው ጥግ ሄዳ፣ የልጅቷ ግንባር በነበረበት ከፍታ ላይ፣ ሳትፈገፍግ፣ ጫን አድርጋ ወደ ታች አወረደችው። ከዚያ መዳፏን ገልጣ ዳቦውን አየችው።

ነጭ ነበር።