ማህተም ያዡ ወጥቷል

ፋኑኤል ከአንድ ነገር በቀር ኃይለማርያምን ሁሉንም ይቅር ሊለው ይችል ነበር። ድምፁ ማማሩን፣ ከጃማይካ መጥቶ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከምግብ ቤት ዘፋኝነት ተነስቶ በየታክሲው ሬዲዮ የሚሰማ ሰው መሆኑን፣ ክርስትና ተነስቶ ከሰፈሩ ተወላጅ በላይ ጿሚ መሆኑን ይቅር ይለው ነበር። ያንን ዘፈን ግን አይችልም።

ዘፈኑ «ማህተም ያዡ ወጥቷል» ይባላል። ኃይለማርያም አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ለማውጣት ወደ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰባት ቀን ሲመላለስ፣ ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ በየቀኑ የመለሰለት ቃል ነው። ያ ጸሐፊ ፋኑኤል ነበር። የተዋወቁትም እንደዚያ ነው።

ፋኑኤል ያንን ቃል ለአሥራ አምስት ዓመት በቀን ሃያ ጊዜ ሲለው ኖሯል። ከሥራ በኋላ ቤዝ ጊታሩን ታቅፎ ስለ ፍቅርና ስለ ጨረቃ አርባ ዘፈን ጽፏል፤ አንዱንም ሰው አላንጎራጎረለትም። ከገዛ አፉ የወደቀውን ግን የባሕር ማዶ ሰው አንስቶ ዘፈን አደረገው። ኦሎምፒያ ታክሲ ሲጠብቅ አንዱ ረዳት ያንን ዘፈን ሲያዜም በሰማ ቁጥር፣ ኪሱን እንደተገባ ሰው ደረቱን ይዳብሳል።

ኃይለማርያም የሚዘፍንበት ባንድ መሪ ፋኑኤል ነው፤ የሚመራውም በማስታወሻ ደብተር ነው። አንዱ ገጽ ለኃይለማርያም ጉሮሮ የተመደበ ነው። በአዘቦት ቀን ዘፈኑ ከፍ ባለው ቅኝት፣ በኢ ማይነር። በጾም ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከሆነ፣ ውሃም ስለማይቀምስ ድምፁ ይደርቃል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ በዲ ማይነር። መሣሪያ የማይነካው ኃይለማርያም ይህን አያውቅም። በጾም ቀን ድምፁ የማይከዳው እመቤታችን ስለምትራዳው ይመስለዋል።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ለናይሮቢ የሬጌ ፌስቲቫል ዘፈን የምትመርጠው መድኃኒት የተባለች ሴት ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለስምንት ሰዓት ቀጠረቻቸው። መጀመሪያ የኃይለማርያምን፣ ቀጥሎ ፋኑኤል ራሱ የሚዘፍነውን «ጨረቃዬ» ታዳምጣለች። የምትወስደው አንዱን ነው፤ ፖስተሩ ላይ የሚጻፈውም የዚያ ዘፋኝ ስም ነው።

«በዲ ነው አይደል?» አለች ኪቦርድ ተጫዋቿ ፍሬሰላም።

«በኢ።»

«ፋኒ፣ ፍልሰታ እኮ ነው! ሰውየው ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም።»

«በኢ አልኩሽ። ዝቅ ሲል ይተኛል፣ ማለቴ… ሴትየዋ ሞቅ ያለ ነው የምትፈልገው፣ በቃ።»

ፍሬሰላም ደብተሩን አየች፤ እሱን አየች፤ ወደ ኪቦርዷ ዞረች።

የመጀመሪያው ስንኝ በደህና አለፈ። በሁለተኛው ላይ የኃይለማርያም ድምፅ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። ፋኑኤል ከኋላው ቆሞ ስንጥቁን ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት። በሦስተኛው መድኃኒት ብዕሯን አስቀመጠች። ወረፋ የሚጠብቁት ሌሎች ባንዶች ተያዩ።

አዝማቹ ሲደርስ ኃይለማርያም ድንገት ዞሮ ማይኩን ፋኑኤል አፍንጫ ሥር ደቀነው።

«ወገኖቼ፣ ስለ ማህተም ያዡ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? ሰባት ቀን ያመላለሰኝ ጸሐፊ ይኸውላችሁ!»

ፋኑኤል ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ደቂቃ ነበር። አፉን ከፈተ። ሳይቆጥረው የቀረው ነገር ትዝ ያለው ያኔ ነው፤ እሱም ጾመኛ ነው። እሱም ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም። ደብተሩ ላይ የሌላ ሰው ጉሮሮ እንጂ የራሱ አልተጻፈም። ዜማው እምቢ አለው፤ የወጣለት አሥራ አምስት ዓመት የለመደው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ደረቅ፣ የሰለቸው፣ ባለጉዳይን ቀና ብሎ የማያይ።

«ማህተም ያዡ ወጥቷል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ነገ ልምጣ ጌታዬ?» አለ ኃይለማርያም፣ ኮፍያውን አውልቆ።

«እንጃ፤» አለ ፋኑኤል ሳያስበው። ሳቁ ባሰ። አንዱ ከኋላ «ኧረ የኛው ወረዳ ነው!» ብሎ ጮኸ።

መድኃኒት «ጨረቃዬ»ን መስማት አላስፈለጋትም። «ይሄንን እወስዳለሁ፤ ግን ከነጸሐፊው! መድረኩ ላይ ጠረጴዛና መስኮት እናስቀምጥለታለን፤» አለች። በወረቀቷ ላይ የኃይለማርያምን ስም ስትጽፍ ፋኑኤል ቆሞ አየ። የእሱን አልጠየቀችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ኃይለማርያም የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ አስቀድሞ ለፋኑኤል ዘረጋለት።

«ዛሬ እመቤቴ ፈትናኝ ነበር። አንተን ላከችልኝ፣ ወንድሜ።»

ፋኑኤል ጠጣ። ጉሮሮው ሲርስ አዝማቹን ለራሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ ሞከረው፤ ዝቅ አድርጎ ሲይዘው መጣለት።

«ናይሮቢ በምንድን ነው የምንጫወተው?» አለች ፍሬሰላም፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል።

«በዲ።»

«ያኔ እኮ ጾም አይደለም።»

ፋኑኤል ደብተሩን አውጥቶ የኃይለማርያምን ገጽ አለፈና ባዶ ገጽ ገለጠ፤ ከላይ የራሱን ስም ጻፈ።