ዳበሰችው

የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ «ዳበሰ» የሚለውን ግስ የተሳሳተው በመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን በገዛ ሳሎኑ ነው። ከባለቤቱ ጋር ተኳርፈው በኖሩባቸው ዓመታት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያሰማ ወደ ቤት መግባትን ልማድ አድርጎት ነበር። ታዲያ ከጥቂት ወራት ወዲህ፣ ገና ከመቀመጡ ትጠጋውና ጣቶቿን በጺሙ፣ በጉንጩ፣ በግንባሩ ላይ ታንሸራሽር ጀመር። እሱም በልቡ «ታረቀችኝ» አለ። አፉን ቢከፍት ደስታው የሚበንበት መስሎት ግን ዝም እንዳለ ፊቱን ሰጣት።

በመሥሪያ ቤት ስለ ግሱ ፍቺ ከፊደል አራሚዋ ጋር ተሟገተ።

«ዳሰሰ ለማወቅ ነው፤ ዳበሰ ግን ለፍቅር» አላት።

«ኧረ ጋሼ! ዓይነ ስውርም እኮ መንገዱን ይዳብሳል።»

«እሱን ሁለተኛ ፍቺ አድርጊው።»

«ዘንድሮስ ፊትዎ ወዝ አውጥቷል፤ ማን እየዳበሰዎት ይሆን?» ብላ ሣቀችበት።

ቀልዱ ልቡን አሞቀው። ለባለቤቱ እጅ እንዲለሰልስላት ብሎ፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገብቶ የሚኮሰኩሰውን ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። ከዚያ ያለወትሮው በጊዜ ወደ ቤቱ ሄደ። ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታዋለች። እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ እሷም መጥታ ጉንጩን ዳበሰች።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ነህ እንዴ? እኔ'ኮ ያ ዱዳ መስሎኝ!» አለች፤ ጺም የማያውቀው ታላቅ ወንድሟ የቤቱ ቁልፍ ነበረው። «ደብቄህ ነው እንጂ ዓይኔ ከከዳኝ ሰነበተ። ዛሬ መስኮቱም ጠፋኝ። እሱ ሳይመጣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ።»

«እኔ ነኝ» አለ ባሏ።

እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰበሰበች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማን? ለግድግዳው?»

ያኑ ዕለት ይዟት ሄደ። ሐኪሙ ዓይኖቿን መርምሮ መብራቱን አጠፋ። «ነርቩ ሞቷል። ሲጀማምራት ብትመጡ ኖሮ የቀረውን ብርሃን እናተርፍ ነበር» አለ።

ቤት ሲመለሱ እጇን ይዞ ወደ ጉንጩ አስጠጋ። እሷ ግን ሳትቆጣ አስለቀቀችው።

«ከእንግዲህ ምን ያስዳብሰኛል? ማን እንደ ገባ ለማወቅ ነበር እኮ። ስትገባ ተናገር፤ ድምፅህ ይበቃኛል።»

«እሺ» አለ። ተነሥቶ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ግድግዳው አስጠጋ፤ ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ድረስም ገመድ ወጠረላት።