ጠንካራው ሞላ

ሉልሰገድ ገብረዮሐንስ ፒያሳ ውስጥ ወርቅ ሠሪ ነው። አርባ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፤ አላገባም፤ እሪ በከንቱ ሰፈር በአባቱ ቤት ከእናቱ ጋር ይኖራል። አባቱ ሲሞቱ የተዉት ይህንኑ ቤትና አንዲት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ነበር። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠዋለች።

ያን ዓመት አንድ የመኪና ወዳጆች ማኅበር ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የአስፋልት ሜዳ ላይ ለጀማሪዎች ውድድር እንደሚያዘጋጅ ተሰማ። መኪኖቹ ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ብቻውን ሜዳውን የተወሰነ ዙር ይዞራል፤ ዙሮቹ የፈጁበት ጊዜ ይያዛል፤ ትንሽ ጊዜ የወሰደበት ያሸንፋል። የሚገባው መኪና ሰው በየቀኑ የሚነዳው የቤት መኪና መሆን አለበት። ሉልሰገድ ይህን ሰምቶ በሳምንቱ ሄዶ ተመዘገበ።

ለእናቱ የነገራቸው ቁርስ ላይ ነው። ወይዘሮ አክበረት በልጅነታቸው ከአክሱም መጥተው እዚሁ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸው በትግርኛ "አደይ"፣ እናቴ ይሏቸዋል።

"ማንን ነው የምትቀድመው?" አሉት።

"ማንንም። ሰዓቱን።"

"ሰዓቱን ቀድመህ የት ልትደርስ?"

ሉልሰገድ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን አልከለከሉትም። "እሑድ ሥላሴ፣ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ካደረስከኝ ሌላውን ቀን እንደፈለግህ አድርጋት" አሉ። ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እያሹ የሚያንቀሳቅሱላቸው ባለሙያ ጋ ይሄዳሉ። ጎረቤታቸው ከሪማ ሁልጊዜ አብራቸው ትሄዳለች።

መካኒኩ ተክላይ የሉልሰገድ አብሮ አደግ ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ጋራዡ ከፈረሰ ወዲህ ቀበና ድልድይ አጠገብ ይሠራል። ሉልሰገድ ስለ ሞተር ጉልበት ማውራት ሲጀምር አቋረጠው።

"መሮጥማ ማንም ይሮጣል። መጀመሪያ መቆም ትልመድ።"

ስለዚህ ከፍሬን ጀመሩ። አሮጌውን የፍሬን ዘይት አፍስሰው በአዲስ ለወጡት። ተክላይ ከጎማው ሥር ያወጣውን፣ ተበልቶ ያለቀ የፍሬን ሸራ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና "ይሄ ሸራ አይደለም፣ ትዝታ ነው" ብሎ ወረወረው። ጎማዎቹ ተቀየሩ። የላላ ሁሉ ጠበቀ። ሉልሰገድ ሱቁን ዘግቶ እየመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ቀለበትና ሐብል ሲነካካ በዋለበት እጁ ብሎን ይፈታል። ከዚያ ክብደት መቀነስ መጣ። ትርፉ ስኮርታ ጎማ ወጣ፤ ማንሻው ክሪክና ምንጣፉ ወጡ፤ የኋላ ወንበሩም ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሪማ የኋላውን በር ከፍታ ባዶውን ቆርቆሮ አየች።

"ወንበሩ የት ገባ?"

"አውጥቼው ነው እትዬ ከሪማ። ለክብደት ነው።"

"እኔስ? ክብደት አይደለሁም?"

መልስ ሳትጠብቅ ቤቷ ገብታ በርጩማ ይዛ ወጣች። ከወይዘሮ አክበረት ኋላ አስቀምጣ ተቀመጠችበት፤ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ አቅፋ እስከ ሐኪም ቤት ደረሰች። ሲመለሱ "በበርጩማ ወደ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም" አለች። ከዚያ በኋላ ሉልሰገድ ሰኞና ቅዳሜ ማታ ወንበሩን እየመለሰ፣ በማግስቱ እንደገና ያወጣ ጀመር።

የቀረው መኪናዋን ከሥር የሚሸከመው ሞላ ነበር። ዲኤክሷ መታጠፊያ ላይ አንድ ጎኗ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሉልሰገድም መሪውን ይዞ ወደ በሩ ይንሸራተታል። ተክላይ መርካቶ ውስጥ አጠር ያለና ጠንካራ ሞላ አገኘ፤ አብሮት የሚሄድ፣ ንዝረት የሚያበርድ አሞርዛተርም ገጠመ። በዚያው ቀን ሉልሰገድ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ቁልቁል ነዳት። መኪናዋ ሳታጋድል፣ እሱ ባሰበበት ቦታ ዞረች። መስኮቱን ዘግቶ ብቻውን ጮኸ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

እሑድ እናቱን ሥላሴ አደረሳቸው። የሰፈሩን ኮብልስቶን ሲወጡ የበሩን እጀታ ጨብጠው ያዙ። ማክሰኞ ሲሆን "ሥራ አይርፈድብህ፣ ከከሪማ ጋር በታክሲ እንሄዳለን" አሉት። በቀጣዩ እሑድ እሱ ሳይነሣ በእግራቸው ወጥተው ሄዱ።

እሱ ነገሬም አላለው። ያስተዋለችው እህቱ ሉዋም ናት። ባለትዳር ናት፤ ቢሮ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ እናቷን ልትጠይቅ ትመጣለች።

"አደይ ለምን በእግሯ ሄደች?"

"መራመድ ለጉልበት ጥሩ ነው ተብላለች።"

"አንድ ቀን እሷ ቦታ ተቀመጥና ንገረኝ" አለችው።

ሉልሰገድ ቅር አለው። ቢሆንም ሰኞ ጋራዥ ሲሄድ ቁልፉን ለተክላይ ሰጥቶ ራሱ ከጎን ተቀመጠ። እሪ በከንቱን በኮብልስቶኑ ላይ ወረዱ። መሪ የያዘ ሰው ጉድጓዱን ቀድሞ ያየዋል፤ ሰውነቱም ይዘጋጃል። ከጎን የተቀመጠው ግን ድንጋዩ ሲመታው ነው የሚያውቀው። እያንዳንዱ ድንጋይ ከወንበሩ ወደ ወገቡ፣ ከወለሉ ወደ ጉልበቱ ገባ። ጉልበቱ ደህና የሆነው እሱ እንኳ ጥርሱን ነከሰ።

ከቁልቁለቱ ሥር ሲደርሱ "የድሮውን መልስልኝ" አለ።

ተክላይ መኪናዋን አቆመ። "ከውድድሩ በኋላ እንመልሰዋለን።"

"እስከዚያ በእግሯ ልትሄድ ነው?"

"ስማ፣ ይሄ እንደ ወንበሩ ማታ አውጥተህ ጠዋት የምታስገባው አይደለም። ሙሉ ቀን ይበላኛል፤ ከዚያ ጎማው መስተካከል አለበት። ሌላ ሥራ አለብኝ፣ ሁለት ጊዜ አልፈታም። አንዱን ምረጥ።"

ሉልሰገድ ጉልበቱን እያሻሸ "የድሮውን" አለ።

ተክላይ እያጉረመረመ የድሮውን ሞላ መለሰለት።

የውድድሩ ዕለት ወይዘሮ አክበረትና ከሪማ አብረን ካልሄድን አሉ። ሜዳው ላይ ተክላይና ሉልሰገድ የኋላውን ወንበር አወጡ፤ ሁለቱ ሴቶች እሱኑ ጥላ ሥር አስቀምጠው ተቀመጡበት። ተቆጣጣሪው ፍሬኑን፣ ቀበቶውንና የራስ ቁሩን አይቶ አሳለፈው። ከፊቱ የወጣው ነጭ ቪትዝ ከዲኤክሷ እጅግ ይፈጥን ነበር፤ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ፍሬኑ ጨሰና እየተገፋ ወጣ።

የሉልሰገድ ተራ ደረሰ። ፍሬኑ አላሳፈረውም፤ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይረግጣል፣ መኪናዋም ትቆምለታለች። መታጠፊያው ላይ ግን እንደ ጥንቷ አጋደለች። በመጨረሻው ዙር ጥሩ ሰዓት ይዞ መጥቶ የመጨረሻው ኩርባ ላይ የፊት ጎማው ወደ ውጭ ተንሸራተተ፤ እግሩን ከነዳጁ ማንሣት ነበረበት። ያጣው ያቺን ቅጽበት ነው። በጠንካራው ሞላ እንደማያጣት እርግጠኛ ነበር። ከመካከለኞቹ ጋር ጨረሰ። ተክላይ ትከሻውን መታ አደረገው፤ ስለ ሞላው አላነሣም። ቢያነሣ ይሻለው ነበር።

ሲመለሱ እናቱ ከጎኑ፣ ከሪማ ከኋላ ተቀመጡ።

"ምነው ዝም አልክ?" አሉት ወይዘሮ አክበረት።

"ደክሞኝ ነው።"

"ስለ ሞላው ተክላይ ነገረኝ። ማን ለምኖህ ነው?"

"ሲያምሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትተወዋለህ ብዬ ነዋ። ይኸው ሳልነግርህም ተውከው።" ጉልበታቸውን ዳሰሱና "የመጀመሪያው ቀን አሞኛል፤ አልዋሽህም። ከዚያ በእግሬ ስሄድ ወደድኩት። ቀስ እያልኩ፣ ሲደክመኝ እያረፍኩ። አባትህ ከሞተ ብቻዬን መንገድ ወጥቼ አላውቅም ነበር። አሁንም ሥላሴ በእግሬ ነው የምሄደው" አሉ።

ከኋላ ከሪማ "እኔ ግን በመኪና ነኝ፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ" አለች።

ሉልሰገድ መሳቅ ፈልጎ አልመጣለትም። "ተናድጄ ነበር" አለ።

"በማን?"

"ባንቺ።"

"ይሁን" አሉ እናቱ። "መቼም በሰው እናት ልትናደድ አትችልም።"

አራት ኪሎ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ወይዘሮ አክበረት ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን ከፈቱ፤ ሥላሴ ተሳልመው በእግራቸው ወደ ቤት እንደሚመጡ ነገሩትና ወረዱ። ደግፎ ሊያሻግራቸው ቀበቶውን ሲፈታ በእጃቸው ተው አሉት። በቆሙት መኪኖች መካከል፣ ቀኝ እግራቸውን ጥቂት እየጎተቱ አለፉ። ሉልሰገድ አንገቱን አዙሮ ሲያያቸው ከፊቱ ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላ ያሉት ጡሩንባ ነፉ፤ ማርሽ አስገብቶ ሄደ።