አራተኛው ተሳፋሪ

ወንድሜ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ወይን ጠጅ ጠመቀ፤ እኔ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ዋሸሁ። በየዓመቱ እየተሻሻልኩ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ወይን ጠጅ ይኮመጥጥ ነበር። አስራ አንደኛውም ይኮመጥጣል። እኔ ግን «ደህና ነው» ብዬ ጀምሬ፣ በአራተኛው ዓመት «እጅህ የተባረከ ነው» ላይ ደረስኩ፤ በዘጠነኛው ዓመት ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይሄ እጅ ሰዓት ላይ ባከነ» አልኩት። እሱ በየዓመቱ አንድ ጠርሙስ ያመጣልኛል፤ እኔም በየዓመቱ በእጄ የሠራሁትን ሹራብ እሰጠዋለሁ። ይለብሰዋል። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ወይኑን እውጣለሁ።

ወንድሜ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አባታችንም ሰዓት ጠጋኝ ነበር። የሚሠራባት ክፍል ሁለት በር ጎን ለጎን ቢገጠምባት የምትሞላ ናት። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የአባታችን ክርን ያጎደጎደው ቦታ አለ፤ የወንድሜም ክርን ልክ እዚያው ላይ ያርፋል። ይህችን ክፍል ነው እንግዲህ ለሞባይል ሻጭ ለቅቆ የወይን መሬት ሊገዛ የተነሳው።

«ሰኞ ቁልፉን አስረክባለሁ» አለኝ። «ግን ውጭ አገር ሄጄ አንድ ባለሙያ ሳላስቀምስ አልፈርምም። ቤተሰብ ያዳላል።»

ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ባለሙያው እውነቱን ከተናገረ ወንድሜ በሰው አገር ይዋረዳል። እንደኛ ይሉኝታ የያዘው ሰው ከሆነ ደግሞ የአባታችን ክፍል ሄደች ማለት ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ከባለሙያው ዘንድ መድረስ የለበትም። ሠላሳ ዓመት የውጭ ቋንቋ ያስተማርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ፣ አስተርጓሚ ነኝ ብዬ አብሬ ሄድኩ።

እዚያ የተከራየነውን መኪና የምትነዳው የወንድሜ ሚስት ናት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ መጠጥ አትቀምስም፣ ነገርም አታበዛም። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ሕፃን አውቶቡሱ ውስጥ እንደተኛ ትታው ወርዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳትቆጥር መኪና አታንቀሳቅስም። ከባሏ ጋር ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ በመስታወት አይታ «ሁለት» ትላለች። በዚህ ጉዞ ወንድሜ ጠርሙሱንም እንድትቆጥር አደራ ብሏታል። ስለዚህ አራት ነበርን።

ወንድሜ ጠርሙሱን የአምናው ግራጫ ሹራቤ ውስጥ ጠቅልሎታል። የዘንድሮውን፣ ቡናማውን፣ ለብሶታል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን ላቡን እየጠረገ አላወልቅም አለ። ይህን ያህል ይወደዋል ማለት ነው ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት ከመኪና አከራዩ ግቢ ሳንወጣ ነው። ሻንጣ የማስተካክል መስዬ ጠርሙሱን ከነሹራቡ ከኋላ ጎማው ሥር አጋደምኩት። እንዳይታወቅብኝ ብዬ የእጅ ቦርሳዬንም አጠገቡ አደረግሁና ገብቼ ተቀመጥኩ።

የወንድሜ ሚስት በመስታወት አየችን። «ሦስት» አለች። ሞተሩን አጠፋች፣ ወረደች፣ ጠርሙሱን አንስታ አጠገቤ አስቀመጠችውና ቀበቶ አሰረችለት።

«አራት» ብላ ወደ ኋላ ነዳች።

ቦርሳዬን አልቆጠረችውም። መነጽሬ ውስጡ ነበር።

መነጽሬ መድቀቁን ትንፍሽ አላልኩም። ማንበብ የማትችል አስተርጓሚ ምን ታደርግላቸዋለች? የመጀመሪያው የወይን እርሻ በር ላይ ስንደርስ ወንድሜ «ምን ይላል?» ብሎ ጽሑፉን አሳየኝ። ለኔ ጽሑፉ ሁሉ የተልባ ፍሬ ነበር። «እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል» አልኩት። በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ጽሑፉ በእርግጥ ምን እንደሚል የገባኝ ውሻው ሲመጣ ነው።

ወንድሜ ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። አንድ እግር ጫማውን ለውሻው ትቶለት መጣ። ከዚያ በኋላ ጉዞውን የቀጠለው በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው የኔን ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው። አቧራውን ስለዋጠም ማሳል ጀመረ።

ቀትር ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ደረስን። «ያውልሽ» አለ ወንድሜ። ከአንድ ቤት በር በላይ ሰሌዳ ላይ ዋንጫ ተስሏል፤ በዋንጫው ዙሪያ ሐረግ ተጠምጥሟል። ቀለሙ ለቋል። ዓይኔን አጨንቁሬ «የወይን ጠጅ ቅምሻ ቤት» ብዬ አነበብኩለት። ሚስቱ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ «እኔ መኪናው ዘንድ ልቆይ» አለች።

ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቆሟል። ከጀርባው እስከ ጣሪያ ድረስ ትናንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«ንጽህናቸው» አለ ወንድሜ እያሳለ።

«ልንቀምስ ነው የመጣነው» አልኩት ሰውየውን በቋንቋው።

ሰውየው ወንድሜን ትኩር ብሎ አየውና አፍህን ክፈት አለው። ጉሮሮውን በባትሪ ተመለከተ።

«ሥራቸውን በጥንቃቄ ነው የሚሠሩት» አለኝ ወንድሜ ምላሱን እንዳወጣ።

ሰውየው በትንሽ የላስቲክ ስኒ ቀይ ነገር ለክቶ ቀዳለት። ወንድሜ ስኒውን አሽከረከረ፣ አሸተተ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። ከዚያ ጠጣው፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

«ፍሬው ይሰማል። መጨረሻው ላይ ምላስ ያደነዝዛል፤ ይሄ ቢያንስ አስር ዓመት የቆየ ነው። እጅህ የተባረከ ነው በይልኝ።»

አልኩለት። ሰውየው ግራ ገብቶት «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አለኝ። ያኔ ነው ሐረግ ያልኩት እባብ፣ ቤቱም መድኃኒት ቤት መሆኑ የበራልኝ። ምን ላድርግ? ከገቡ ወዲያ መውጣት ከባድ ነው።

«በቀን ሦስት ጊዜ ይጠጣል ይላል» አልኩት ወንድሜን።

«ልማዳቸው ይሆናል» ብሎ ሁለት ጠርሙስ ገዛ። ስንወጣ ሚስቱ ጠርሙሶቹን አየችና የመኪናውን በር ከፈተችለት። ሳሉ ግን ማታ ለቀቀው።

በማግስቱ ትልቅ መጥመቂያ ቤት ገባን፤ ይህኛው እውነተኛው ነው። አስጎብኚው ብዙ ሰው ሰብስቦ እየቀዳ ያስቀምሳል። ጎብኚዎቹ ይጎነጩና ባልዲ ውስጥ ይተፉታል። ወንድሜ ክው አለ።

«ሰው የቀዳልሽን ፊቱ ትተፊበታለሽ?»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«አንተፋም» አለ። ስለዚህ እሱና እኔ ዘጠኙንም ዋጥነው። ከአምስተኛው በኋላ ወንድሜ ግድግዳው ላይ የቆመ ሰዓት እንዳለ አየ። በርሜል ላይ ወጥቶ አወረደው፣ በኪሱ በያዛት መፍቻ ከፈተው። አስጎብኚው ስለ ወይኑ ዕድሜ ሲያስረዳ ወንድሜ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ጥርስ ማርሹን ይጠርግ ነበር። ሰዓቱ ሲንቀሳቀስ ፊቱ እንደ ልጅ ፈካ። አስራ አንድ ዓመት ጠርሙስ ሲከፍት አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው ግን አላውቅም።

እኔም ዘጠኝ ብርጭቆ የሰጠኝን ድፍረት ይዤ ሁለተኛውን ሙከራ አደረግሁ። ወደ ምድር ቤቱ የሚወርድ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ነበር። ወንድሜ በርሜሉ ሥር ያስቀመጠውን ጠርሙስ ከነሹራቡ ከጫፉ ለቀቅኩት። ደረጃ በደረጃ እየነጠረ ወረደ፤ ታች አንዱ ሠራተኛ ብርጭቆ በትሪ ደርድሮ ይመጣ ነበር፣ እግሩን መታው። ሃያ ብርጭቆ ዱቄት ሆነ። ጠርሙሱ ጭረት እንኳ አልነካውም። በድርብ ክር የሠራሁት ሹራቤ ነው ያተረፈው። በሥራዬ ኮራሁ፤ ቆሽቴም አረረ።

የወንድሜ ሚስት ወርዳ አመጣችው። «አራት» አለች መኪናው ውስጥ።

ከመባረራችን በፊት ወንድሜ አስጎብኚውን ጠርሙሴን ቅመስልኝ ብሎት ነበር። ሰውየው የደንበኛ ጠርሙስ አንቀምስም ብሎ ሲያበቃ፣ ኮረብታው ላይ ያለች አንዲት ባልቴት ግን ማንም ያመጣውን ትቀምሳለች አለን። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

ባልቴቷ ጉልበቷ ድረስ የሚደርስ ቦቲ ጫማ አድርጋ በርሜል ስታጥብ አገኘናት። ያለችበት ክፍል ዝቅ ያለ ነው፤ አንዲት መስኮት አለችው፣ ወለሉ እርጥብ ነው። ወንድሜ ጠርሙሱን ከሹራቡ ፈታ። የቁንጫ ዓይን የምታህል ብሎን የሚይዝ እጅ ቡሹን የሳበው በሦስተኛው ሙከራ ነው።

ባለ ቦቲዋ ቀዳች፣ አሸተተች፣ ተጎነጨች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ወደ ውጭ ተፋችው። ከመስኮቱ ሥር የነበረች ዶሮ ቦታ ለቀቀች።

«ስንት ዓመት ሆነው ይሄን ሲሠራ?» አለችኝ።

«አስራ አንድ።»

ወንድሜን ከነሹራቡ፣ ከነነጠላ ጫማው ቁልቁል አየችው። የሚያሳዝን ነገር እንዳየች ሁሉ ድምጿ ለስለስ አለ። «ይሄ ሰው ዘመድ የለውም?» አለችኝ።

አለው ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

«ምን አለች?» አለ ወንድሜ።

የማውቀው ውሸት ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ትንሽ ይቆይ አለች፤ አፈሩ ነው አለች፤ እጁ የተባረከ ነው አለች። ማናቸውም ቢሆን ያልፍ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ ሞባይል ሻጩ ቁልፉን ይረከባል። አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ዘመድ የለውም ወይ ትላለች» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

«ቢኖርህ ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ይነግርህ ነበር ማለቷ ነው። ይኮመጥጣል። ድሮም ይኮመጥጥ ነበር። ስውጠው ወደ መስኮት የማየው ፊቴን እንዳታይብኝ ነው። አስራ አንድ ዓመት ዋሸሁህ።»

ወንድሜ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺስ?»

«ደፍቼው ቧንቧ ከፍቼበታለሁ» አለች።

«የትኛውን?»

«የመታጠቢያ ቤቱን።» ትንሽ አሰበችና «የወጥ ቤቱንም» አለች።

በርሜሉ ላይ ቁጭ አለ። ያለቅሳል ብዬ ልጠጋው ስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እኔም እኮ አልወደውም» አለ።

«ምኑን?»

«ወይኑን ነዋ። ሆዴን ያቃጥለኛል።»

«ታዲያ ምን አድርግ ብሎህ ነው የምትጠምቀው?»

«አንቺ ነሻ! በየዓመቱ ‹ዘንድሮስ መቼ ነው የሚደርሰው› ትይኛለሽ። ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው። ይሄ እጅ ሰዓት ላይ ባከነ ያልሽኝስ ማን ነው? እህቴ ይህን ያህል ካመነችብኝ ላሳፍራት አይገባም ብዬ ክፍሏን ልለቅ ተነሳሁ። የአባባን ጠረጴዛ ማን እንደሚወስደው ሳስብ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ባለ ቦቲዋ ምንድን ነው የምትባባሉት ብላ ያዘችኝ። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት። በርሜሉን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ከራሷ ወይን ለኔና ለወንድሜ ቀዳችልን፤ የዋጥነው ያለ መስኮት ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኛን ያወጣው ግን ኮምጣጤ ነው።

ወንድሜ እዚያው ሆኖ ለሞባይል ሻጩ ደወለ። «ክፍሏ አትለቀቅም» አለው፣ ስልኩንም ዘጋ። ከላዬ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ቀለለኝ። እውነት መናገር እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን አልጀመርኩትም እያልኩ ብርጭቆዬን አነሳሁ።

«እትዬ» አለ ወንድሜ።

«ወይ።»

«እውነት ከተጀመረ አይቀር…» ጣቱን ሹራቡ አንገትጌ ውስጥ ከቶ ሳብ አደረገው። አንገቱ ዙሪያውን ቀልቷል። «ይበላኛል» አለ።

«ይሄኛው ነው የሚበላህ?»

በጣቱ ግራጫውንም አመለከተኝ። ዘወር ብዬ ሚስቱን አየሁ፤ እሷም ባለፈው ክረምት የሠራሁላት አረንጓዴ አላት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ያን አዟዟር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ብርጭቆዬን አስቀምጬ «አውልቀው» አልኩት።

አወለቀው። አጣጥፎ ከግራጫው ሹራብና ከጠርሙሱ ጋር በርሜሉ ላይ አስቀመጠው። ነፋስ ሸሚዙ ውስጥ ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ፤ መድኃኒቱን የቀመሰ ዕለት እንዳደረገው።

መኪናው ውስጥ ገባን። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ ባዶ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። ይህች ሴት በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ጥላ ሄዳ አታውቅም፤ የማንንም ልጅ፣ የማንንም ጃንጥላ። በባልቴቷ ክፍል ክፍት በር በኩል በርሜሉ ላይ ያሉት ሹራቦች ይታያሉ። ትወርዳለች ብዬ ጠበቅኩ።

በመስታወት አየችን።

«ሦስት» አለችና ነዳች።