አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁት

ባሌ ሽፈራው ሸማኔ ነው። ነው ልበል እንጂ፣ ስዊድን መጥተን ሪንከቢ ሰፈር ከገባን ወዲህ ድርና ማግ ነክቶ አያውቅም። ሥራ አስቀጣሪዎቹ ሙያውን ሲጠይቁት «ሽመና» ይላል፤ እነሱ ደግሞ ሌላስ ምን ትችላለህ ይሉታል። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያሻሽ ይውላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

አብራን የምታመልከው ርብቃ ኮንስትሩንዳ ስለሚሉት ዝግጅት ስትነግረኝ ታዲያ ጎትቼ ወሰድኩት። በባሕሩ ዳር መንደሮች ያሉ ባለሙያዎች ቤታቸውን ከፍተው ሥራቸውን ያሳያሉ፣ ሰውም ከደጅ ደጅ ይዞራል። ስሉሰን ከሚሉት መናኸሪያ በአውቶቡስ ተነሥተን ቬርምዶ ደሴት ወረድን። ሸክላ ሠሪው ጋ ገባን፣ እንጨት ጠራቢው ጋ ገባን። ሽፈራው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ይመስል ይከተለኛል።

ቀጥሎ የገባንበት ግን የሸማኔ ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤት ቁርጥማት ጣታቸውን ያጣመመባቸው አሮጊት ናቸው። ሽፈራው የሽመናውን ዕቃ ከነድሩ ተዘርግቶ ሲያይ ፊቱ በራ። ሳያስፈቅድ ተቀመጠና መወርወሪያውን ወዲህ ወዲያ ይልከው ጀመር። ስንት ዓመት የጠፋብኝ ባሌ ቁጭ ብሎ አየሁት! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሴትዮዋም ቆመው ሲያዩት ቆዩና «እኔ ከእንግዲህ አልሠራበትም። ትፈልገዋለህ? እንዲሁ ውሰደው» አሉት።

ሽፈራው ጨዋ ያሳደገው ነዋ! ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኧረ በፍጹም፣ አይሆንም፣ አልፈልግም» አላቸው በዚያ በተሰባበረ ስዊድንኛው።

«ኦኬ» አሉ። በቃ።

ጎኑን ቆነጠጥኩት። «ምን ሆነሃል? ተቀበል እንጂ!»

«ቆይ ባክሽ፣ ይለምኑኛል። ገና በመጀመሪያው ዘልዬ ልያዝላቸው? ምን ይሉኛል?»

ይለምኑኛል! ሴትዮዋ ዞር ብለው ከኋላችን የገቡትን ወጣት ባልና ሚስት ጠየቁ። እነሱ ንግግራቸውን እንኳ ሳያስጨርሷቸው በደስታ ተቀበሉ። ሚስቲቱ አትክልት ቦታዋ ላይ አቁማ የአበባ ሐረግ ልትሰቅልበት ነው አለች። እኔ ነፍሴን አላውቅም፤ «ባሌ ይፈልገዋል፣ ተግደርድሮ ነው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እሱ እኮ አልፈልግም አለ። አሁን ለእነሱ ቃል ገብቻለሁ» አሉ። ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ሽፈራው «አልደገሙልኝም እኮ» አለ።

«እዚህ አገር ማን ይደግምልሃል!» አልኩት ብግን ብዬ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ስንመለስ ሁስቢ ሰፈር፣ ርብቃ ቤት ጎራ አልን። ማዕድ ቀርቦ ነበር። «ሽፈራው፣ በሞቴ ትንሽ ቅ...» ከማለቷ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። በልቻለሁ አላለ፣ ይቅርብኝ አላለ። አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ። ርብቃ ልትለምነው እንደተነሣች ቆማ ቀረች፣ ዞር ብላም እኔን አየችኝ። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።