የኋላ ወንበር፣ በቀኝ በኩል

«እሳቸው ናቸው አላልኩም!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እየሞከረ። «እሳቸው ሲገቡ መኪናው ይጠፋል ነው ያልኩት።»

«እስቲ ልዩነቱን ንገረኝ!» አለች ሚስቱ። «እናቴን እግረ ደረቅ ናት ማለትህ አይደለም እንዴ?»

«ያየሁትን ነው የማወራው። ያለ እሳቸው ገበያ ደርሶ ይመለሳል፤ ዳገቱንም እያንጎራጎረ ነው የሚወጣው። እሳቸው የተሳፈሩ ቀን ግን ዳቦ ቤቱ ጥግ ስንደርስ ትክ ትክ ይልና ቀጥ! ሲወርዱለት ደግሞ ትንሽ ገፍተን፣ ትንሽ ለፍተን ይነሳል። እኔ ምን ላድርግ?»

«መኪናው ካንተ ተምሮ ነዋ አማት የጠላው።»

«ቀስ ብላችሁ አውሩ» አሉ አማትየው ከደጃፉ። ለባብሰው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ከቆሙ ቆይተዋል። «ደረቀ የተባለው እግሬ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ከከተማው ማዶ የምትኖረው ታናሽ ልጃቸው ወልዳለች። ሕፃኑን ሊያዩ ሁለት ጊዜ ተነስተው ሁለቱንም ጊዜ መኪና እየገፉ ተመልሰዋል። ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠርጎ «እማማ በአውቶቡስ ቢቀድሙንስ? እኛ በመኪናው እንከተልዎታለን» ከማለቱ ነበር ጠቡ የተነሳው።

«አውቶቡሱ አልከበደኝም» አሉ አማትየው። «አውቶቡሱማ ካንተ መኪና ይሻላል፣ ይደርሳል። ግን ዛሬ መኪና አጠፉ ያላችሁኝ ነገ ሕፃኑን አይንኩብን ትሉኛላችሁ። የልጅ ልጄን ሳላቅፍ ልመለስ? የዚህ መኪና በሽታ ሳይታወቅ ከዚህ ደጅ ንቅንቅ አልልም።»

መካኒክ ተጠራ። ሰፈሩ «ባትሪ» ነው የሚለው፤ የትኛውም መኪና ምንም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ የገዛ ብስክሌቱ ጎማ ሲተነፍስ ባትሪውን ፈልጓል እያሉ ይቀልዱበታል። መጣና ኮፈኑን ከፍቶ ያንን ከባልና ሚስቱ ጋብቻ ዕድሜው የሚበልጥ የናፍጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ባትሪው ነው» አለ።

«ባትሪው እናቴን በምን አወቃት?» አለች ሚስት።

ልብስ ሰፊው ቁልፉን አዞረ። ብርቱካናማዋ የማሞቂያ መብራት እስክትጠፋ እንደ ልማዱ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀና አስነሳው። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተነሳ። ባትሪ ፊቱ ላይ ያለውን ሐዘን መደበቅ አልቻለም።

«እንግዲያው ናፍጣ ነው የሚያጥረው» አለ። ሞተሩን አስጠፍቶ ናፍጣውን ከሚያጣራው ፊልትሮ በፊት ያለችውን ቁራጭ የጎማ ቱቦ ነቀለ፤ በምትኩ ውስጡ የሚታይ ነጭ ቱቦ ገጠመና የእጅ ፓምፑን እየጫነ አየሩን አስወጣ። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ናፍጣው በቱቦው ውስጥ እንደ ቀጭን ሻይ ሲፈስ ታየ።

«እማማ፣ ይግቡ እስቲ።»

አማትየው በቦታቸው ተቀመጡ፤ የኋላ ወንበር፣ በቀኝ በኩል። ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም። ልብስ ሰፊው ነዳጅ ረገጠ። ትንሽ ቆይቶ በቱቦው ውስጥ አረፋ ታየ፣ ሻዩ ሳሳ፣ ሞተሩ ትክ ትክ አለና ጠፋ።

«ወይ ጉድ!» አለ ባትሪ።

ልብስ ሰፊው መሪውን በእጅጌው ይወለውል ጀመር።

«ዝም ማለትህን ሰምቼዋለሁ» አለች ሚስቱ።

አማትየው ወረዱ፤ ባትሪ ፓምፑን ነካ ነካ ሲያደርገው ሞተሩ ተነሳ። ሚስት ቶሎ ብላ ከኋላ በግራ በኩል ገባች። ሞተሩ ሠራ። አሁንም ሠራ። ይጠፋላት ዘንድ በልቧ ለመነችው፤ እሱ ግን ጭራሽ ድምፁ እያማረ ሄደ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አየሽ?» አለ ባሏ፣ ወዲያውም ባላልኩ ብሎ ተጸጸተ።

አማትየው ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«አሁን አንተ ግባ።»

«እኔ?»

«አዎ አንተ። እኔ በተቀመጥኩበት።»

«እኔማ የምረግጠው…»

«ባትሪ ይረግጥልሃል። ግባ ልጄ፣ አትፈር» አሉና በሩን እንደ ክብር እንግዳ ከፈቱለት።

ልብስ ሰፊው ሲቀመጥ መኪናው በቀኝ በኩል ዝቅ አለ። ባትሪ ረገጠ። እናትና ልጅ ቱቦው ላይ አፈጠጡ፤ ልብስ ሰፊው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቁጭ አለ። አረፋ መጣ። ሻዩ ሳሳ። ትክ ትክ፣ ቀጥ።

አማትየው ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄን እግርህን ሐኪም አይቶት ያውቃል?»

ሚስት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ኮፈኑን ተደገፈች። «ሰው አይደለም እኮ! ወንበሩ ነው!»

«ወንበሩን እንዳትነኩት!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ። «ልብሱን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ድርብ ስፌት ነው!»

አስወርደውት ወንበሩን አነሱት። ከሥሩ፣ በቀኝ በኩል ብቻ፣ አንድ ሳንቃ አለ። በሳንቃው ጠርዝ ሥር ደግሞ ከነዳጅ ታንከሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ያልፋል፤ የጠርዙ ምልክት ጉልህ ሆኖ ታትሞበታል። ሰው ሲቀመጥበት ቱቦው ተጨፍልቆ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሞተሩ ፊልትሮው ውስጥ የቀረችውን ናፍጣ ይጨርሳል፤ እሷ ደግሞ የምታደርሰው እስከ ዳቦ ቤቱ ጥግ ነው።

«ማን ነው ይሄን እዚህ የወሸቀው?» አለ ባትሪ።

የልብስ ሰፊው ጆሮ ቀላ። «ወንበሩ ሰመጠብኝ፣ ወገቤን አመመኝ ብለው ነበር፣ እማማ። ከድሮው የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ… ትንሽ ቆርጬ…»

አማትየው ሳንቃውን አንስተው በጣታቸው ዳሰሱት። እንዳይወጋ ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል።

«አልነገርከኝም እኮ» አሉ።

«ምን ብዬ ልንገርዎት? ወገብዎት ግን ተሻለዎት?»

«ተሽሎኛል።» ትንሽ አሰቡና «እግሬም ተሽሎኛል» አሉ።

ሳንቃውን አቀበሉት። ወዲያው ሌላ ክርክር ተነሳ። ባትሪ ሳንቃው ይጣል አለ። ልብስ ሰፊው የእማማ ወገብስ ብሎ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ለቱቦው ማለፊያ የሚሆን ቦታ ይለካ ጀመር። ሚስት በትክክል አልለካህም፣ ጠማማ ነው አለችው። «ልብስ የሚሰፋው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አላት። ባትሪ ቱቦው ተጎድቷል፣ ይቀየር አለ፤ ቀጥሎም ለማንኛውም ባትሪውም ይታይ ብሎ ሁለቱንም በአንድ ላይ አስጮኻቸው።

አማትየው ፀሐዩን ቀና ብለው አዩ። ከዘንቢሉ አፍ ብቅ ያለችውን ትንሽ የሹራብ እጅጌ መልሰው ከተቱና ዘንቢሉን ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉ።

አዲሱ ቱቦ ገባ፣ አየሩ ወጣ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሦስቱም በደስታ ነጩ ቱቦ ላይ ተደፉ፤ ሻዩ ያለ አንዲት አረፋ ይፈሳል። ባትሪ መተላለፊያ የዘጋበትን የኋላ በር በክርኑ ገፍቶ ዘጋው። ከታች ዳቦ ቤቱ ጥግ አውቶቡስ ቆመ፣ ዘንቢል የያዙ አንዲት ሴት አሳፈረና ትክ ሳይል ሄደ።