አዛራ ያስመረመረችው ግቢ

የሳናቱ ልጅ ተቅማጡ አልቆም ብሎት ጉንጩ ሟሽሾ ዓይኑ ብቻ ሲቀር፣ አማቷ እማ ሜሙናቱ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ጣታቸውን የቀሰሩት በሳናቱ ጣውንት፣ በአዛራ ላይ ነው።

"ገንፎውን የምታገነፋው እሷ ናት!" አሉ ጎረቤት እስኪሰማ። "ራሷ አልወለደች፣ የወለደችውን ማየት አልቻለች። ጠንቋይ!"

ይህ ቃል በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። የተባለችው ሴት ጨርቋን ጠቅልላ እንደ እሷ የተባረሩ ሴቶች ወደሚኖሩበት፣ ወደ ጠንቋዮቹ ሰፈር ትሰደዳለች፤ እዚያው ታረጃለች። የሳናቱና የአዛራ ባል ናፓሪ የብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት እየቀባ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

"ልጁ ጤና ጣቢያ ይሂድ" አለች አዛራ። "ሆዱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ይታያል።"

"ልጄን አትነኪም!" አለች ሳናቱ።

"አንቺው እዘይው። እኔ ከኋላ እመጣለሁ።"

የላቦራቶሪው ሰው አቡካሪ የልጁን ሰገራ በፈሳሽ በጥብጦ ጣት በምታህል ፕላስቲክ ላይ ጠብ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ቀይ መስመር ወጣ።

"ጃርዲያ ነው። ከቆሸሸ ውኃ ይመጣል፣ ከሰው ሰውም ይተላለፋል። መድኃኒት አለው። ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር፤ አለዚያ ልጁን መልሳችሁ ታስይዙታላችሁ።"

አዛራ የናሙና ዕቃዎቹን ይዛ ግቢው መሃል ቆመች። "እማ፣ ከእርስዎ እንጀምር።"

"እኔ? ዓይነ ምድሬን ለወጣት ወንድ ላሳይ? ባለጌ!"

"ጠንቋይ ሲሉኝ ያላፈሩ፣ አሁን አፈሩ?"

"እማ፣ ስጪያትና እንገላገል" አለ ናፓሪ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

ውጤቱ መጣ። እማ ሜሙናቱ ተይዘዋል፤ ሳናቱና ናፓሪም እንደዚሁ። አዛራ ብቻ ነፃ ሆነች።

እማ ሜሙናቱ በእልልታ ሊዘሉ ምንም አልቀራቸውም። "ይኸው! እሷን ለምን አልነካትም? የላከችው ራሷ ናታ!"

 መስመሩ ወጣም አልወጣም፣ አዛራን ነፃ የሚያወጣ መልስ በዚህ ግቢ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት። አሮጊቷ ግን መድኃኒቱን አልተዉትም፤ በር ዘግተው ዋጡት።

ልጁ አገገመ። አዛራ ዕቃዋን ስትሸክፍ ናፓሪ ደጃፏ ላይ ቆመ።

"ልጁ ድኗል፤ ነገሩን ተይው። የት ትሄጃለሽ?"

"ታማሌ ከተማ፣ ወንድሜ ጋ። እናትህ ስትሰድበኝ ምላስህ የት ነበር?"

"እናቴ ናት፤ ምን ልበላት?"

"እሱን ከእሷ ጋር ተማከርበት።"

መኪና ስትጠብቅ ሳናቱ ልጁን አዝላ መጣች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ፊቷም እንደተኮሳተረ ነበር።

"ዛሬ ገንፎውን ጨረሰ" አለች።

"ውኃውን አፍልተሽ ስጪው" አለችና አዛራ ተሳፈረች።